ትልቁ ዲስክ የገባበት እሁድ

እናቴ የኮምፒዩተር ጠጋኝ ቤቷ እንዳይገባ የከለከለችው በስስት ይመስለኝ ነበር። እንደመሰለኝ አድጌ፣ እንደመሰለኝ አግብቼ፣ እንደመሰለኝ ሁለት ልጅ ወልጄ፣ እውነቱን የሰማሁት ፀጉሬ ሽበት ማብቀል ከጀመረ በኋላ ነው። ሰው የገዛ እናቱን ለማወቅ ይህን ያህል መዘግየቱ ያሳፍራል። ምን ላድርግ፣ ዘገየሁ።

ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። እናቴ አዋላጅ ነርሶችን ታስተምራለች። አባቴ የቀዶ ጥገና ሐኪም ነው። ትምህርት ቤት የአባትሽ ሥራ ምንድን ነው ስባል «ሆድ ይከፍታል፣ ይዘጋል» ነበር መልሴ፤ አስተማሪያችን ሳቋን አፏ ውስጥ ይዛ ወደ ሰሌዳው ስትዞር ትዝ ይለኛል። ከመኝታ ቤቱ ጎን ባለች ጠባብ ክፍል ደግሞ እንደ አራስ ተሸፋፍኖ የሚቀመጥ ኮምፒዩተር ነበረን። እማዬ ለአዋላጆች የሚሆን መጽሐፍ ስትጽፍበት ሦስት ዓመት ሆኗታል። ጽሑፉ ብቻ ቢሆን ምንም አልነበረም፤ ቦታውን የጨረሱት ሥዕሎቹ ናቸው። ጽንስ እንዴት እንደሚዞር፣ የአዋላጅ እጅ የት እንደሚያርፍ፣ በእርሳስ የሣለችውን ሁሉ በስካነር እያነሳች ታስገባለች።

አንድ ቀን ኮምፒዩተሩ «ቦታ የለኝም» አለ። እማዬ መጥፋት የሚችለውን ሁሉ ማጥፋት ጀመረች። መጀመሪያ የተሠዋሁት እኔ ነኝ፤ በማውስ የሣልኳቸው አሥራ ሰባት ድመቶቼ ባንድ ጠዋት ሄዱ። «ሌላ ትስያለሽ» አለችኝ። በሳምንቱ ኮምፒዩተሩ እንደገና ቦታ የለኝም አለ፤ ድመቶቼ በከንቱ ነው የሞቱት።

ያን ጊዜ ነው የእናቴ ወንድም፣ አጎቴ፣ አዲሱን ዲስክ ይዞ የመጣው። አጎቴን ሰፈሩ ሁሉ «አለሁበት» እያለ ነው የሚጠራው። ሠርግ ቢሆን አለሁበት፣ የፈረሰ አጥር ቢሆን አለሁበት፣ የማይመለከተው የሰው ጠብ ቢሆን አለሁበት። ማተሚያ ቤት ኮምፒዩተር ላይ ስለሚሠራ ነገሩን ያውቀዋል። ዲስኩን ከካርቶኑ አውጥቶ እንደ ዳቦ በመዳፉ እየመዘነ፣ «የድሮውን አሥር እጥፍ ይይዛል። እህቴ፣ ግማሽ ሰዓት አይፈጅብኝም፣ አሁኑኑ ልግጠምልሽ» አላት።

«አንተ አትነካውም» አለች እማዬ።

«እሺ፣ መሥሪያ ቤታችን ከእኔ የሚሻል ጠጋኝ አለ፣ እሱን…»

«ጠጋኝም ቤቴ አይገባም። ሐኪሙ ይሥራው።»

አባዬ ከጋዜጣው ቀና አለ። «እኔን ነው?»

«እዚህ ቤት ሌላ ሐኪም አለ እንዴ? የሰው አንጀት የሚሰፋ እጅ አራት ብሎን መፍታት ያቅተዋል?»

አጎቴ ሳቀ። አባዬ አልሳቀም። ጋዜጣውን መልሶ ዘረጋና «ጊዜ ሲኖረኝ» አለ። ጊዜ ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ ጠፋበት። ዛሬ ድካም፣ ነገ ስብሰባ፣ ከነገ ወዲያ ራስ ምታት። እማዬም አለቀቀችውም። ምሳ ሲበላ ዲስኩ፣ ጫማውን ሲያወልቅ ዲስኩ። እኔ በልቤ ለአባዬ ወገንኩ። ጭቅጭቅ ወዳድ፣ ለጠጋኝ የሚከፈለውን የምትሰስት፣ ባሏን እንደ ሠራተኛ የምታዝ ሴት ሆና ታየችኝ። አባዬን ደግሞ ትንሽ ሰነፍ፣ ግን የእኔ ሰነፍ አድርጌ ያዝኩት።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ኮሪደሩ ላይ ኳስ ሳንከባልል ሁለቱ ወጥ ቤት ውስጥ ሲነጋገሩ ሰማሁ።

«ሰኞ ማን አለህ?» ትላለች እማዬ።

«አንዲት ልጅ። አሥር ዓመቷ ነው። አንጀቷ ነው፣ ቀላል ነገር።»

«ሌላ ሰው አይሠራትም?»

«ለምን ሲባል? ድካም ነው አልኩሽ። ተኝቼ ስነሳ ይለቀኛል።»

«እንግዲያው ተኝተህ ተነሳና ነገ ዲስኩን ግጠምልኝ። ከሰኞ በፊት።»

«ዲስኩና ሰኞ ምን አገናኛቸው?»

«እኔ አገናኘኋቸው» አለች።

ከዚያ ቧንቧውን ከፈተችው። እኔ ኳሴን አንስቼ፣ እቺ ሴትዮ አንድ ቀን እንኳ መታገሥ አትችልም ማለት ነው እያልኩ ወደ ግቢ ወጣሁ።

እሁድ ከቁርስ በኋላ እማዬ ጠረጴዛው ላይ ነጭ ጨርቅ አነጠፈች። መጋረጃውን ከፍታ ብርሃን አስገባች፤ ካቻቢቴውን፣ ወረንጦውን፣ የእጅ ባትሪውን በተርታ ደረደረች። አጎቴ ከበሩ ላይ አንገቱን አስግጎ «አለሁ፣ እዚሁ ነኝ» ይላል። አባዬ እጁን እስከ ክርኑ ታጥቦ መጣ፤ ልማዱ ነው። እኔም ሮጬ ሄጄ እስከ ክርኔ ታጠብኩ።

«ሰው አልፈልግም» አለ አባዬ። «ሚጢጢ ትበቃኛለች። በሩን ዝጉልኝ።»

ሚጢጢ እኔ ነኝ። ደረቴ ተነፋ። እማዬ ግን የበሩን እጀታ ይዛ ቆመች፤ አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን አየች።

«መጽሐፌ እዚያ ውስጥ ነው» አለች። «ሌላ ቅጂ የለኝም።»

«አውቃለሁ።»

«እንድታውቅልኝ ነው።»

በሩን ዘጋችው። ይሄን የመሰለ ንቀት በሕይወቴ አይቼ አላውቅም አልኩ በልቤ። ሰው ነፍሱን የሚያምነውን ሰውዬ እሷ በወረቀት አታምነውም!

አባዬ ሥራውን የጀመረው እንደ ሆስፒታሉ ነው። መዳፉን ሳያይ ይዘረጋል፤ «ካቻቢቴ» ይላል፤ እኔ አቀብላለሁ። «ሳጥኑን የዘጉት ሁለት ብሎኖች፣ ዲስኩን የያዙት አራት። ስንት ሆኑ?» ስድስት፣ አልኩ። «ስድስት ከወጡ ስድስት ይመለሳሉ። የወጣው ዕቃ ካልተቆጠረ ምንም ነገር አይዘጋም።» ለብሎኖቹ ማስቀመጫ የሻይ ስኒ ሳሕን ሰጠኝ።

ካቻቢቴውን የመጀመሪያዋ ብሎን ላይ ሲያሳርፍ ጫፉ ሳተ። እንደገና አሳረፈ፤ እንደገና ሳተ፤ ቆርቆሮውን ጫረው። በሦስተኛው ካቻቢቴው የብሎኗን ራስ እንደ ጫጩት ጫር ጫር፣ ጫር ጫር አደረገው። እኔ መሳቅ ጀመርኩ። ምክንያት ነበረኝ፤ ከአባዬ ጋር ዳማ ስንጫወት ጠጠሩን እያየ ያላየ መስሎ ያስበላኛል፣ ከዚያ «አቤት፣ አሸነፍሽኝ!» ብሎ ራሱን ይይዛል። ስለዚህ ገባኝ።

«አውቀህ ነው!» አልኩት።

አባዬ ቀና ብሎ አየኝ። ረዘም ላለ ጊዜ አየኝ።

«አወቅሽብኝ» አለ። ካቻቢቴውን ሰጠኝና ቀኝ እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ።

ይቺ «አወቅሽብኝ» እስከ ዛሬ ትቆረቁረኛለች። ሰውዬው መደበቂያ አጥቶ ነበር፤ መደበቂያውን በእጄ ይዤ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ያን ዕለት ግን ጨዋታው ገብቶኛል፣ እኔ ባለሙያ ሆኜ ልሾም ነው። ምላሴን ከንፈሬ ላይ አውጥቼ ሁለቱን ፈታሁ፣ ሽፋኑ ወረደ። የዲስኩንም ሦስቱን ፈታሁ። አምስት ብሎን ሳሕኗ ላይ ተኮለኮለ።

«የመጨረሻዋን እኔ ልሞክር» አለ አባዬ፤ ድምፁ ቀጥኖ ነበር። እጁን ከኪሱ አወጣ። ትንፋሹን ውጦ ያዘ፣ ካቻቢቴው ገባለት፣ ዞረ፣ ብሎኗ ወጣች። በጣቶቹ ያዛት፤ ወዲያው ጣቶቹ መሀል ዘለለችና ቅልል፣ ቅጭል፣ ቅጭል እያለች ወደ ሳጥኑ ሆድ ገባች።

«ማንም እንዳይንቀሳቀስ!» አለ። ይሄ የቤት ድምፁ አልነበረም። ፊቱ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። «ስንት አሉ?»

«አምስት።»

«ምን ወደቀ? ዶክተር! ምንድን ነው የወደቀው?» አጎቴ ከበሩ ማዶ።

«ዝም በል አንተ!» እማዬ። እንደዚያ ቅርብ መሆኗን አላወቅንም ነበር፤ በሩ ላይ ተለጥፋ ነው የቆመችው።

«ብረት ውስጥ ቀርቶ ኤሌክትሪክ ከለቀቅንበት ሁሉም ነገር ይቃጠላል» አለኝ አባዬ ቀስ ብሎ። «የእናትሽ መጽሐፍም። ባትሪውን አብሪ።» አበራሁ። ገመድ፣ አቧራ፣ አረንጓዴ ጠፍጣፋ ነገር፣ ደግሞ አቧራ። አንገቴ እስኪቆለመም ፈለግሁ። አባዬ በላዬ ሆኖ ሲተነፍስ ይሰማኛል። በመጨረሻ ከአረንጓዴው ሥር አንዲት ነገር ብልጭ አለች። በወረንጦ ጎተትኳት። ሳሕኗ ላይ ሳኖራት ቂው አለች፤ አባዬ ግድግዳውን ተደግፎ ዓይኑን ጨፈነ።

ቀጥሎ አዲሱ ዲስክ ነው። ሁለቱ ዲስኮች ባንድ ገመድ ላይ ሲቀጠሉ፣ አዲሱ «እኔ ሁለተኛ ነኝ» ብሎ ለኮምፒዩተሩ እንዲናገር፣ ምስር የምታክል ክዳን በጀርባው ካሉት ቀጫጭን እሾሆች በልኩ ቦታ ላይ መሰካት አለባት። ጃምፐር ይሏታል። እሷን መያዝ የሚችለው ትንሽ ጣት ነው፤ አባዬም «ላንቺ የተሠራች ናት» አለኝ። የተለጠፈውን ወረቀት አነበበና «ከግራ ሁለተኛው ላይ» አለ። ሰካሁ። ገመዱን አያያዝን፣ ማብሪያውን ተጫንኩ።

ስክሪኑ ጥቁር ሆነ። ከላይ አንዲት ነጭ መስመር ብቻ ወጣች፤ አባዬ ሳያነብልኝ ገባኝ። ዲስክ የለም ነው የሚለው። አዲሱ ብቻ አይደለም፤ አሮጌውም የለም።

«ሁለቱም ታዩ?» አጎቴ ከማዶ። «ዶክተር፣ ታዩ ወይ?»

ሦስት ዓመት ሙሉ ከሥራ መልስ ጫማዋን ሳታወልቅ እዚህ ወንበር ላይ የምትቀመጠው እማዬ ታየችኝ።

«እማዬ ትገድለናለች» አልኩ።

«ኮምፒዩተሩን አጥፊው። ነገር ሲበላሽ መጀመሪያ እጅ ይነሳል፣ ቀጥሎ ይታሰባል፣ ከዚያ ነው የሚነካው።» ዓይኑን ጨፍኖ የሠራነውን ከመጀመሪያው ጀምሮ በአፉ ተራመደበት። ጃምፐሯ ላይ ሲደርስ ቆመ። «የት ሰካሻት?»

«ከግራ ሁለተኛው ላይ። አንተ ነህ ያልከኝ።»

«ከየትኛው ግራ?»

«ከግራዬ ነዋ!»

ግንባሩን መታ። «የእኔ ጥፋት ነው። እኛ ሐኪሞች ግራ ስንል የበሽተኛውን ግራ ነው። ዲስኩ ወደ እኛ ዞሮ ተኝቷል፣ ግራው የአንቺ ቀኝ ነው።» ሳቀ። ያን ቀን የሳቀው ያችን አንዴ ብቻ ነው። ጃምፐሯን ነቅዬ በዲስኩ ግራ ሰካኋት፤ ማብሪያውን ስጫን ሁለት መስመር ወጣ፤ ከላይ ትንሹ፣ ከታች ትልቁ።

«ታዩ!» ብዬ ጮህኩ። ከበሩ ማዶ አጎቴ እልል ሊል ምንም አልቀረውም።

«እሺ አሁን ነው ልብ መግዛት!» አለ። «የመገልበጫው ፕሮግራም ከየት ወደ የት ብሎ ይጠይቅሃል። ሁለቴ አንብብ ዶክተር! ባዶውን ሙሉው ላይ ከገለበጥከው አለቀልን፣ መጽሐፉ አይመለስም!»

አባዬ ተቀመጠ። ቀኝ እጁን አውጥቶ ማውሱን ያዘ። ጥያቄው ስክሪኑ መሀል ተደቅኗል፤ ከየትኛው ይገልበጥ፣ ከላይኛው ወይስ ከታችኛው? ቀስቷ ላይኛው መስመር ላይ ወጣች፣ ወደ ታችኛው ወረደች፣ ወጣች፣ ወረደች። አታርፍም። ጣቱ መጫኛው ላይ ነው። እኔ ጨዋታው ቀጥሏል ብዬ፣ «የቱ እንደሆነ ልገምት?» አልኩና እጄን ወደ እጁ ላክሁ።

«ተዪ!» ብሎ ጮኸብኝ።

አባዬ ጮኾብኝ አያውቅም። እንባዬ ሳላዘው ወረደ። አባዬ ማውሱን ለቀቀው፤ እጁን ሳብ አድርጎ ጭኑ ሥር ቀበረው።

«ነይ» አለ፤ አሁን ድምፁ የሚሰማ አይመስልም። «ነይ የኔ ልጅ፣ ይቅርታ። አንቺ ተጫኚ። ከትንሹ ወደ ትልቁ። ከመጫንሽ በፊት አንብቢልኝ።»

አነበብኩ። ድገሚ አለኝ፣ ደገምኩ። አሁንም ድገሚ አለኝ። በሦስተኛው «ተጫኚ» አለ፤ ተጫንኩ። መቶኛው ከዜሮ ወደ አንድ ሲሄድ አንድ ዓመት የፈጀ መሰለኝ።

ሁለት ሰዓት ያህል ጠበቅን። አርባ ላይ ሲደርስ አባዬ ወንበሩን ወደ እኔ ሳብ አደረገ።

«የዛሬው ሥራ የእኔና የአንቺ ነው። ማን ፈታ፣ ማን ገጠመ ለማንም አይነገርም። እሺ?»

«ለእማዬም?»

«በተለይ ለእማዬ።»

«እሺ» አልኩ፤ ደስ እያለኝ። ምን እንዳሰበ ገብቶኛል ብያለሁና። ሁሉም ሲሰበሰብ ድንገት «የሠራችው እሷ ናት!» ብሎ ሊያስደንቃቸው ነው፤ የዳማው ዓይነት ነገር ነው። ከሰባ እስከ መቶ ባለው ጊዜ ሲጨበጨብልኝ ምን ዓይነት ፊት እንደማሳይ ሳጠና ቆየሁ።

መቶ ሞላ። ብሎኖቹን መለስኩ፣ ስድስቱንም ቆጥሬ። አባዬ በሩን ከፈተ። እማዬ ገባች፤ አጎቴ ተከትሏት እንደ ጎርፍ ገባ። ወንበሩ ላይ ተቀምጣ መጽሐፏን ከፈተችው፤ ምዕራፍ በምዕራፍ፣ ሥዕል በሥዕል እስከ መጨረሻው ገጽ ወረደች። ሁሉም አለ። ትከሻዋ ሲወርድ አየሁት። ከዚያ ወንበሩን አዞረች፤ ስክሪኑን ትታ ባሏን አየች።

«ሁሉንም አንተ ሠራኸው?»

«ታዲያ ማን ይሠራዋል?»

«እጅህ ይባረክ» አለች፣ ቃሉን አንድ በአንድ እየጠራች።

አባዬ ዓይኑን ወደ ነጩ ጨርቅ ዝቅ አደረገ። «አሜን» አለ።

«ይሄ ነው እጅ!» ብሎ አጎቴ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። እኔ ፊቴን አስተካክዬ እጠብቃለሁ። አሁን ይላል። አሁን። አባዬ ግን ወደ እማዬ ዞሮ፣ «ነገ ቀደም ብዬ እገባለሁ፣ የተተኮሰ ሸሚዝ አለኝ?» አለ።

በቃ! ሸሚዝ! ተበድዬ ተቃጠልኩ።

«ውሸት ነው!» አልኩ። «እኔ ነኝ የሠራሁት! ብሎኖቹን እኔ፣ ጃምፐሯን እኔ! እሱ አንዷን ብቻ ሞከረ፣ እሷንም ጣላት! ማውሱን እንኳ መያዝ አቅቶት እኔ ነኝ የተጫንኩት! እማዬ ሙች!»

አጎቴ አለሁበት፣ በሁሉም ነገር የሚገኘው ሰውዬ፣ የት እንደሚገባ ጠፋው፤ «ልጅ አይደለች፣ ተዋት…» ብሎ ጀመረና ተወው። እማዬ እኔን አላየችኝም።

«እጅህን አውጣ» አለችው።

አባዬ አልተንቀሳቀሰም።

«ከኪስህ አውጣው፣ የኔ ጌታ።»

የኔ ጌታ ስትለው ሰምቼ አላውቅም ነበር። አባዬ እጁን አወጣና ነጩ ጨርቅ ላይ አኖረው። እጁ አላረፈም። አውራ ጣቱና ሌባ ጣቱ የሌለች ክኒን እንደሚያሽከረክሩ ብቻቸውን ይሠራሉ፤ እሱ እንደ ሌላ ሰው እጅ ቁልቁል ያየዋል። እኔ እንዲያ ያንቀጠቀጠው ንዴት ነው ብዬ አመንኩ። ምስጢሩን አውጥቼ አዋርጄዋለሁ፤ ይሄ ሁሉ በእኔ ነው።

ባለፈው ዓመት ከእማዬ ጋር የታጠበ አንሶላ በአራት ጫፍ ይዘን ስናጣጥፍ ነው ይህን የነገርኳት። አንሶላውን እንደያዘች ቆመች።

«ሞኝ» አለችኝ። «ሻይ ሲጠጣ ስኒውን ከጠረጴዛው ማንሳት ከተወ ወር አልፎት ነበር። እኔ በእጅ የምኖር ሰው ነኝ፣ የእጅ ነገር አይጠፋኝም። ብጠይቀው ድካም፣ ብለምነው ድካም። ማንም የማይሞትበት ሥራ ፈልጌ ሰጠሁት፣ ራሱ እንዲያየው።»

«ጠጋኝ የከለከልሽው ለዚያ ነው?»

«ታዲያ ለምን መሰለሽ?»

ለምን እንደመሰለኝ አልነገርኳትም። «መጽሐፍሽ ቢጠፋስ ኖሮ?» አልኳት።

«ይጠፋ ነበራ! አጎትሽ ማተሚያ ቤት ወስጄ በሲዲ ልገልብጥልሽ ብሎ ለምኖኛል፤ እምቢ አልኩት። ቅጂ ቢኖረኝ አባትሽ ከፊቴ ላይ ያነብብኝ ነበር፤ ያኔ እጁ ቢስትም ስቆ ያልፈዋል። ሰኞ የሰው ልጅ መያዣ ከሚያደርግ የእኔ ሦስት ዓመት ይያዝ አልኩ።» አንሶላውን ሳብ አድርጋ አጠፈችው። «አሜን ሲል ግን ተስፋ ቆረጥኩ። አይቶታል፤ አይቶትም ሰኞ ሊገባ ነው። ከዚያ በላይ የማስይዘው አልነበረኝም። አንቺ ባትለፈልፊ ኖሮ…»

«እኔኮ አስቤ አይደለም፤ ጭብጨባ አምሮኝ ነው።»

«እግዜር በለፍላፊም ያድናል» አለች እናቴ።

ያን እሁድ እኔ ይሄን ሁሉ አላውቅም። ኮሪደሩ ላይ ከካፖርቶቹ መስቀያ ሥር ገብቼ ጉልበቴን አቅፌ ተቀምጫለሁ። አባዬ ስልኩን በግራ እጁ አነሳና ቁጥሩን እማዬ መታችለት።

«የነገዋን ልጅ ሌላ ሰው ይያዝልኝ» ሲል ሰማሁት። «የለም፣ አልታመምኩም።» ወዲያ ማዶ ያለው ሰው አንድ ነገር ጠየቀው መሰለኝ። «አዎ» አለ። «ታምሜያለሁ። የነገዋን ብቻ አይደለም፣ ሁሉንም ይያዙልኝ።»

ልጅቷን ሌላ ሐኪም ሠራት፤ በሳምንቷ በእግሯ ወደ ቤቷ ሄደች። በሽታው ስም ያገኘው ከአራት ወር በኋላ ነው። አባቴ ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል ተመልሶ አልገባም፤ ማስተማር ጀመረ፤ ተማሪዎቹ እንደወደዱትም ሰምቻለሁ።

ስልኩን ከዘጋ በኋላ ወደ ኮሪደሩ መጣ። ጫማዎቹን ነው መጀመሪያ ያየሁት፤ እፊቴ ቆሙ። ልመታ ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። አባዬ ቁጢጥ አለና ቀኝ እጁን፣ ቀኑን ሙሉ ሲደብቀው የዋለውን እጁን፣ ራሴ ላይ አሳረፈው። እጁ ፀጉሬ ውስጥ ተንቀጠቀጠ፤ እስከ ጥርሴ ድረስ ተሰማኝ። ሊቆጣ እንዳልመጣ ዛሬ አውቃለሁ፤ ያን እጅ ሳይደብቅ የሰጠው የመጀመሪያ ሰው እኔ ነበርኩ። ያኔ ግን በንዴት የሚንቀጠቀጥ እጅ ነበር፤ ፈራሁት። ጎንበስ ብዬ ከሥሩ ሾለክሁና ወደ እማዬ ሮጥኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እስኪሞት ድረስ አባዬ ራሴን የሚዳብሰኝ በግራ እጁ ነበር።